በከፍታ ቦታ የሚረበሹ የማቆያ ገንዳ ዓሦችን ማረጋጋት፦ ከባሌ ደጋ አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

አኅጽሮተ ጥናት

በመስታወት ገንዳ የሚኖር ዓሣ ሰው ሲቀርበው ወደ ጥግ መሸሹ፣ መኖ መተዉ፣ ቀለሙ መደብዘዙና ከወለሉ ላይ ተጋድሞ አለመንቀሳቀሱ ብዙ ጊዜ በተፈጥሮ ፈሪነት ይተረጎማል። ይህ ዳሰሳ የዓሣው መረበሽ በመጀመሪያ ደረጃ ስለሚኖርበት ውሃና ስለ ገንዳው አደረጃጀት የሚሰጠው ምስክርነት መሆኑን ያሳያል። በተለይም እንደ ሮቤ፣ ጎባና ዲንሾ ባሉ ከፍታ ቦታዎች በቆላና በባሕር ጠረፍ ሁኔታ የተዘጋጁ የአያያዝ መመሪያዎችን እንዳሉ መቀበል እንደማይቻል በኦክስጅን ስሌት ይብራራል። በመጨረሻም ውሃን፣ መሸሸጊያን፣ ጓደኛንና የሰው እጅን በቅደም ተከተል የሚመለከት የአሠራር ሐሳብ ይቀርባል።

መግቢያ

ሕይወት ያለው ዓሣ በቤተ ሙከራ ማቆየት ለሥነ ሕይወት፣ ለእንስሳት ሳይንስና ለአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ ተማሪ የመኖን መጠን ከእድገት ጋር ሲያነጻጽር ወይም የአንድ ኬሚካል ጉዳት ሲመረምር የሚመዝነው የዓሣውን አካል ነው። ዓሣው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጭንቀት ላይ ከነበረ ግን የሚመዘነው የሙከራው ውጤት ብቻ አይደለም፤ ጭንቀቱም አብሮ ይመዘናል። የተጨነቀ ዓሣ አነስ ያለ መኖ ይወስዳል፤ እድገቱ ይቀንሳል፤ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይዳከማል። ስለዚህ የዓሣን መረጋጋት መጠበቅ ለእንስሳው የሚደረግ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የጥናቱ አስተማማኝነት የቆመበት መሠረትም ነው።

ጉዳዩ በባሌ ደጋ የራሱ መልክ አለው። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ የሆነችው ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጎባ ከ2,700 ሜትር፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣሉ። አካባቢው ለዓሣ እንግዳ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከኬንያ የመጡት ትራውት የተባሉ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሦች እንደ ወይብና ሻያ ባሉ የባሌ ወንዞች መኖር ችለዋል። ሆኖም ዓሣ በወንዝ መኖሩ በገንዳም ተረጋግቶ ይኖራል ማለት አይደለም። ወንዙ የሚሰጠውን ገንዳው ካልሰጠ፣ ዓሣው የጎደለውን ነገር በጠባዩ ይናገራል።

ፍርሃት በዓሣው አካል ውስጥ

ዓሣ አደጋ ሲሰማው የሚታየው ሽሽት ከውስጥ የሚካሄደው ለውጥ ውጫዊ ገጽታ ነው። ለውጡ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። በመጀመሪያው ደረጃ አድሬናሊንና መሰል ሆርሞኖች በቅጽበት ወደ ደም ይለቀቃሉ። በአንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ፒቱታሪ ዕጢን ይቀሰቅሳል፤ ዕጢው ደግሞ በኩላሊት የፊተኛ ክፍል የሚገኙ ሕዋሳት ኮርቲሶል እንዲያመነጩ ያዛል። በሁለተኛው ደረጃ የደም ስኳርና ላክቴት ይጨምራሉ፤ የልብ ምትና የትንፋሽ ፍጥነት ይለወጣሉ፤ የጨውና የውሃ ሚዛን ይናጋል። ሦስተኛው ደረጃ ዓሣውን በሙሉ የሚመለከት ሲሆን እድገት፣ መራባት፣ ጠባይና በሽታን የመቋቋም ኃይል የሚጎዱበት ነው።

ለአንድ አፍታ በሆነ ድንጋጤ ኮርቲሶል በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ይልና ምክንያቱ ሲወገድ በሰዓታት ጊዜ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ጤናማ ምላሽ ነው፤ በወንዝ ያለ ዓሣም በየቀኑ ያልፍበታል። ጉዳቱ የሚመጣው ምክንያቱ ሳይወገድ ሲቀር፣ ማለትም ዓሣው የሚሸሽበት ቦታ አጥቶ በየሰዓቱ ሲደነግጥ ነው።

እዚህ ላይ የጨውና የውሃ ሚዛን ልዩ ትኩረት ይሻል። የጨዋማ ያልሆነ ውሃ ዓሣ በደሙ ያለው ጨው ከአካባቢው ውሃ የበለጠ በመሆኑ ውሃ ያለማቋረጥ ወደ አካሉ ይገባል፤ ጨው ደግሞ ይወጣል። በድንጋጤ ጊዜ ወደ ስንጥቡ የሚሄደው ደም ሲጨምር ይህ መግባትና መውጣት ይፋጠናል። ዓሣ በሚጓጓዝበት ውሃ ላይ በሊትር ከ1 እስከ 5 ግራም ንጹሕ የገበታ ጨው የመጨመር ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። ጨው ፍርሃትን አያስወግድም፤ ፍርሃቱ በአካሉ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ግን ይቀንሳል።

ግለሰባዊ ልዩነትም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ ፖቲንገርና ካሪክ ያሳተሙት ጥናት ለጭንቀት ከፍተኛና ዝቅተኛ የኮርቲሶል ምላሽ የሚሰጡ የትራውት ዘሮችን በመምረጥ ማራባት እንደሚቻል አሳይቷል። ይህም አንዱ ዓሣ ከሌላው ይልቅ ደንጋጣ ሆኖ ሊወለድ እንደሚችል ያመለክታል። ነገር ግን በአንድ ገንዳ ያሉ ዓሦች በሙሉ ሲረበሹ ምክንያቱን በትውልድ መፈለግ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱ ሁሉም በጋራ የሚኖሩበት ውሃ ነው።

ከፍታ የሚቀንሰው ኦክስጅን

በውሃ ውስጥ የሚሟሟው የኦክስጅን መጠን በሁለት ነገሮች ይወሰናል፦ በውሃው ሙቀትና በአየሩ ግፊት። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ወለል 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ በሙላቱ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ በሮቤ ከፍታ ሲሰላ የሚይዘው ወደ 6.0 ሚሊግራም ብቻ ይሆናል። ለብዙዎቹ የሞቃት ውሃ ዓሦች በሊትር 5 ሚሊግራም እንደ ዝቅተኛ ወሰን የሚያዝ በመሆኑ፣ በባሕር ጠረፍ ከ3 ሚሊግራም በላይ የነበረው መተማመኛ በሮቤ ወደ 1 ሚሊግራም ይወርዳል። ይህች አንድ ሚሊግራም ደግሞ ገንዳው ሲጨናነቅ፣ የተረፈ መኖ ሲበሰብስ ወይም የአየር መንፊያው በኤሌክትሪክ መቋረጥ ሲቆም በአጭር ጊዜ የምታልቅ ናት።

ማሞቂያ መጨመር በዚህ ላይ ሁለት ጫና ያመጣል። በሮቤ ከፍታ 15 ዲግሪ የሆነ ውሃ ወደ 7.4 ሚሊግራም ይይዛል። ውሃው ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን በአንድ አምስተኛ ገደማ ሲቀንስ፣ የዓሣው የኦክስጅን ፍላጎት በአንጻሩ በግምት እጥፍ ይሆናል። በዲንሾ አካባቢ ግን 10 ዲግሪ የሆነ ውሃ በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታም ቢሆን ወደ 7.7 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል። ትራውት በባሌ ወንዞች ሊኖር የቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከፍታው የነሳውን ቅዝቃዜው በከፊል ይመልሰዋል፣ በድንጋይ ላይ የሚንኳለለው ውሃም አየር እየቀላቀለ ይወርዳል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት የዝርያ ምርጫን ይመለከታል። ወርቃማ ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚችል በመሆኑ ያለ ማሞቂያ በደጋ ሊቆይ ይችላል። በአገራችን ሐይቆች በስፋት የሚታወቀው ቆሮሶ ግን የሞቃት ውሃ ዓሣ ነው፤ ሙቀቱ ከ16 ወይም ከ17 ዲግሪ በታች ሲወርድ መኖ መውሰዱን ይተዋል። በቀዝቃዛ ክፍል ጥግ ላይ ተጋድሞ መኖ የተወ ቆሮሶ ፈርቶ ሳይሆን በርዶት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት የመለኪያ መሣሪያን ይመለከታል። የኦክስጅን መለኪያ 100 በመቶ ሲያሳይ ውሃው በዚያ ቦታ ግፊት ሊይዝ የሚችለውን ሁሉ ይዟል ማለት እንጂ ለዓሣው በቂ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ መሣሪያው በአካባቢው የአየር ግፊት መስተካከል፣ ውጤቱም በመቶኛ ብቻ ሳይሆን በሚሊግራም መመዝገብ አለበት።

የሙቀት መዋዠቅም ሌላው ነጥብ ነው። በበጋ ወራት የባሌ ደጋ ሌሊት ብርቱ ቅዝቃዜ አለው፤ ቀኑ ደግሞ በፀሐይ ይሞቃል። ትንሽ ገንዳ ይህን ለውጥ ቶሎ ይቀበላል። ጎኑ 27 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ገንዳ 20 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ጎኑን እጥፍ ብናደርገው ይዘቱ ስምንት እጥፍ ሲሆን፣ ለአንድ ሊትር የሚደርሰው ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽ ግን በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ትልቅ ገንዳ ለዓሣው ስፋት ብቻ ሳይሆን የተረጋጋ ሌሊትም ይሰጠዋል።

መሸሸጊያ፣ ብርሃንና ንዝረት

ውሃው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ዓሣው የሚሸሸግበት ቦታ አለው ወይ የሚለው ነው። ብዙ ገንዳዎች ዓሣው በደንብ እንዲታይ ተብሎ ባዶ ይደረጋሉ። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ መሸሸጊያ የሌለው ዓሣ በአንድ ጥግ ተጣብቆ ይውላል፣ መሸሸጊያ ያለው ግን መመለሻውን ስለሚያውቅ ወደ ገላጣው ይወጣል። በወንዝ ያለ ትራውት ከተቦረቦረ ዳርቻ ሥር ወይም ከድንጋይ ኋላ ይቆማል፤ ከዚያ ወጥቶ የሚወርደውን ምግብ ይለቅምና ወደ ቦታው ይመለሳል። ያን መጠጊያ በገንዳ ውስጥ ለመተካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። በደንብ የታጠበ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ አፉ የሰፋ የሸክላ ስባሪና የውሃ ዕፅዋት ይበቃሉ። የመሸሸጊያው ቁጥር ግን ከዓሦቹ ቁጥር ማነስ የለበትም፤ አለበለዚያ ብርቱው ዓሣ ይዞት ደካማውን ያባርርበታል።

ዓሣ በላዩ የሚያልፍን ጥላ እንደ አዳኝ ወፍ ስለሚቆጥር፣ ከላይ ክፍት የሆነና ሰው ጎንበስ ብሎ የሚመለከተው ገንዳ የማያቋርጥ ማስፈራሪያ ይሆናል። ገንዳውን በዓይን ቁመት ማስቀመጥ፣ ሦስቱን ጎኖች በጥቁር ወይም በሰማያዊ ወረቀት መሸፈንና መብራቱን በድንገት ከመለኮስ መቆጠብ ይጠቅማሉ። የብርሃን ቀለምም የራሱ ድርሻ አለው። ቮልፓቶና ባሬቶ እ.ኤ.አ. በ2001 በብራዚል ባሳተሙት ጥናት፣ በጠባብ ቦታ የተያዙ የቆሮሶ ዓሦች በነጭና በአረንጓዴ ብርሃን ሥር ኮርቲሶላቸው ሲጨምር በሰማያዊ ብርሃን ሥር ግን አልጨመረም። ይህ ግኝት የተገኘው በአንድ ዝርያ ላይ በመሆኑ ለሁሉም ዓሣ አይሠራ ይሆናል፤ ቆሮሶን ለሚያጠና ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ግን ሊሞከር የሚገባው ነው።

ንዝረት ደግሞ በቀላሉ የሚዘነጋ ምክንያት ነው። የዓሣ የጎን መስመር የውሃን ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚያውቅ የስሜት አካል ነው። ከበር አጠገብ ያለ፣ ከማቀዝቀዣ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ወይም ተማሪዎች መስታወቱን በጣታቸው የሚያንኳኩበት ገንዳ ለዓሣው ጸጥታ የሌለው ሰፈር ነው። ከገንዳው ሥር ወፍራም ስፖንጅ ማንጠፍና ገንዳውን ከመተላለፊያ ማራቅ አነስተኛ ወጪ ያለው መፍትሔ ነው።

ጓደኛ እንደ መድኃኒት

የተረበሹ ዓሦች የጥናት እንቅፋት መሆናቸውን በግልጽ ከጻፉት ተመራማሪዎች አንዱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበረው ጆርጅ ባርሎው ነው። ባርሎው የቆሮሶ ዘመድ የሆኑትን ሲክሊድ የሚባሉ ዓሦች ጠባይ ሲያጠና ዓሦቹ በፍርሃት ምክንያት ተፈጥሯዊ ጠባያቸውን አያሳዩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው መፍትሔ በገንዳው ላይኛው ክፍል በእርጋታ የሚዋኙና ሰውን የማይፈሩ የሌላ ዝርያ ዓሦችን መጨመር ነው። ደንጋጣው ዓሣ እነዚህ አደፋሪዎች ሳይሸሹ ሲዋኙ ሲያይ በአካባቢው አዳኝ እንደሌለ ይረዳል።

የኋላ ጥናቶችም ይህን ይደግፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በፖርቱጋል ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ ዜብራፊሽ የተባሉት ትናንሽ ዓሦች የአደጋ ምልክት ሲደርሳቸው የመንጋቸውን አባላት ካዩ ወይም ሽታቸውን ካገኙ ፍርሃታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለሆነም በመንጋ የሚኖርን ዝርያ ለብቻው አግልሎ ማቆየትና ጠባዩን መመዝገብ የብቸኝነትን ውጤት የዝርያው ጠባይ አድርጎ መዘገብ ነው።

ጓደኛ ግን ፍርሃትንም ሊያስተላልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ካርል ፎን ፍሪሽ፣ ቆዳው የቆሰለ ትንሽ ዓሣ ወደ ውሃው የሚለቀው ንጥረ ነገር ሌሎቹን እንደሚያስበረግግ በ1938 ገልጿል። ይህ ምላሽ ወርቃማ ዓሣና በአገራችን ወንዞች ያሉ የካርፕ ወገን ዓሦች የሚመደቡበት ትልቅ ምድብ መለያ ነው። ስለዚህ በሻካራ መረብ የተያዘ አንድ ዓሣ ቆዳው ሲላጥ ገንዳውን በሙሉ ሊያሸብር ይችላል። ለስላሳና እርጥብ መረብ መጠቀም፣ የቆሰለን ዓሣ ለይቶ ማስቀመጥና ዓሣ የተያዘበትን ውሃ ወደ ዋናው ገንዳ አለመመለስ ከዚህ የሚመነጩ ደንቦች ናቸው።

የሰው እጅና የሰው ልማድ

አዲስ ገንዳ ዓሣ ከመግባቱ በፊት መሰናዳት አለበት። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ላይ እስኪደራጁ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የገባ ዓሣ ስንጥቡ በአሞኒያ ስለሚቃጠል ይረበሻል፤ መኖ ይተዋል። የተረፈው መኖ በስብሶ አሞኒያውን ይጨምራል፤ መረበሹም በዚያው ልክ ይብሳል። ይህን ሰንሰለት የሚቆርጠው ተጨማሪ መኖ ሳይሆን መኖን መቀነስና ከውሃው በከፊል መቀየር ነው። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውሃም አየር እየተነፋበት ቢያንስ አንድ ቀን ማደር ይኖርበታል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ልማድ ነው። ዓሣ ይማራል። በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ጎን፣ በዝግታ ቀርቦ ጥቂት መኖ የሚሰጥ ሰው ከጊዜ በኋላ የአዳኝ ሳይሆን የምግብ ምልክት ይሆናል። በየቀኑ ሰውና ሰዓት የሚለዋወጥበት፣ መረብ የያዘ እጅና መኖ የያዘ እጅ የማይለይበት ገንዳ ግን ይህን ትምህርት ያፈርሳል። መኖ የሚሰጥበት ጎንና ዓሣ የሚያዝበት ጎን ቢለያዩ ይመረጣል።

መረጋጋትን መለካት

ኮርቲሶልን ለመለካት የደም ናሙናና የቤተ ሙከራ አቅም ያስፈልጋል፤ ደም መውሰዱ ራሱም ዓሣውን ያስደነግጣል። አቅም ውስን በሆነበት ቦታ በዓይን የሚታዩ አራት መለኪያዎች ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። እነዚህም መኖ ከተሰጠ በኋላ የመጀመሪያው ዓሣ እስኪጎርስ የሚያልፈው ጊዜ፣ በደቂቃ የስንጥብ ክዳን የሚከፈትበት ቁጥር፣ ዓሣው በገንዳው የላይኛው፣ የመካከለኛውና የታችኛው ክፍል የሚቆይበት ጊዜ እንዲሁም ከድንጋጤ በኋላ ወደ መደበኛ ዋና እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ናቸው። ተመልካቹ ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ጠዋትና ማታ ለአሥር ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት ቢመዘግብ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ዓሦቹ መላመዳቸውን ወይም አለመላመዳቸውን በማስረጃ መናገር ይችላል።

በዚህ ምዝገባ ውስጥ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ከውሃው ወለል ተጠግቶ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ዓሣ ደፍሮ መኖ እየጠየቀ ሊመስል ይችላል፤ ኦክስጅን አጥሮት ሊሆንም ይችላል። በባሌ ከፍታ ሁለተኛው ግምት ሁልጊዜ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት።

ገንዳውና ወንዙ

ዓሣው አልረጋጋ ሲል ወይም ጥናቱ ሲያልቅ በአቅራቢያ ወዳለ ወንዝ መልቀቅ እንደ ምሕረት ሊታይ ይችላል፤ ግን አይደለም። ከገንዳ የሚለቀቅ ዓሣ በሽታ ይዞ ሊሄድ ወይም እንደ ትራውት በባዕድ አገር ሥር ሰድዶ በዚያ የነበሩትን ፍጥረታት ሊጫን ይችላል። ከባሌ ተራሮች ተነሥቶ በሶፍ ዑመር ዋሻ አልፎ ወደ ቆላ የሚወርደው ወይብ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ፓርክ የሚፈልቅ ውሃ ነው። ስለዚህ ዓሣውን ማን እንደሚረከብ ከጥናቱ በፊት መወሰን የጥናቱ ዕቅድ አካል መሆን ይገባዋል።

ማጠቃለያ

የተረበሸን ዓሣ ማረጋጋት በቅደም ተከተል የሚሠራ ሥራ ነው። በመጀመሪያ ውሃው ይመረመራል፤ በከፍታ ቦታ ደግሞ ከውሃው ኦክስጅን ይቀድማል። ቀጥሎ መሸሸጊያ ይዘጋጃል፤ ብርሃንና ንዝረት ይስተካከላሉ። ከዚያ ለመንጋ ዓሣ መንጋ፣ ለደንጋጣ ዓሣ አደፋሪ ይፈለጋል። በመጨረሻም የሰው እጅ ልማዱን ያስተካክላል። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ኦክስጅን ያጠረውን ዓሣ ድንጋይና ጓደኛ አያረጋጉትም።

በደጋ የሚሠራ ተመራማሪ ከመመሪያ መጽሐፍ የሚያገኘውን ቁጥር በራሱ ከፍታ ዳግመኛ ማስላት ይኖርበታል። ይህን ካደረገ በመጀመሪያ ፈሪነት መስሎ የታየው ጠባይ የሚነበብ መረጃ ይሆንለታል፤ ከተረጋጋ ዓሣ የሚሰበስበው ውጤትም ስለ ጥያቄው እንጂ ስለ ገንዳው ጉድለት የሚናገር አይሆንም።